የጭራ አጥንት

አማን ከተማ ባለች አንዲት ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ ሆዴን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ወዲያና ወዲህ ሲያንሸራትት፣ ወንድ ይሁን ሴት እስኪነግረኝ ቸኩዬ ነበር። እሱ ግን አንዱን ቦታ ደጋግሞ ያያል። አንድ ቦታ ደጋግሞ የሚያይ ሐኪም አልወድም።

«ሴት ናት» አለ በመጨረሻ። «የጭራ አጥንቷ ላይ ግን እጢ ይታየኛል። እንዲህ ያለውን እስከ ዛሬ ያየሁት በመጽሐፍ ብቻ ነው።»

እጢ ያለውን አልሰማሁትም። የሰማሁት ጭራ ያለውን ነው። አጠገቤ የተቀመጡት አማቴም እንደዚያው፤ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

በእኛ ዘንድ እርጉዝ ሴት ጦጣ ትኩር ብላ አታይም፤ ልጇ ጦጣ ይመስላል ይባላል። የእኔ ሥራ ደግሞ ቴፒ አጠገብ ባለችው ማሳችን፣ ቡናው በቀላበት ሰሞን፣ ጦጣ መጠበቅ ነበር። ማየት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አንዷ ግልገሏን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቀዩን ፍሬ ስትመጥ፣ «እንዳንቺ ልጅ ቀልጣፋ ይስጠኝ!» ብዬ ቀልጄባታለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ለካ የቀለዱበትም ይደርሳል።

ሐኪሙ ፊታችንን አይቶ ነገሩ ገባው መሰለኝ። «ጭራ አላት አላልኩም። የአጥንቱ ስም ነው፤ ሁላችንም አለን። የማንም ጥፋት አይደለም። ግን በምጥ ከመጣች እጢው ፈንድቶ ልትደማ ትችላለች። ጅማ ሄደሽ በኦፕራሲዮን ውለጂ» አለኝ።

ባሌ ቡናውን ለመልቀም ስለቀረ አብረውኝ የሄዱት አማቴ ነበሩ። እስከ ጅማ ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የልጅ ልጃቸውን በቀልዴ ያበላሸሁ እኔ፣ ምን ይበሉኝ? በየመታጠፊያው ሆዴን ይዤ ልጄን ይቅርታ ስለምናት ደረስን።

ልጄ ከወገቧ በታች ብርቱካን የሚያህል እብጠት ይዛ በኦፕራሲዮን ተወለደች። ሐኪሞቹ ቆርጠው አወጡላት። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ጡቴን የያዘች ዕለት አማቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ። እርጉዝ መሆንሽን እያወቅሁ ጦጣ ጠብቂ ብዬ የላክሁሽ እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ ልነግርሽ ብዬ ፊትሽን ማየት አቃተኝ።»

«እማማ፣ ሐኪሙ የማንም ጥፋት አይደለም ብሏል እኮ!» ብዬ ተቆጣኋቸው። ለእሳቸው ሲሆን እንዴት በቀላሉ አመንኩት!

ልጄ አሁን አድጋለች፤ ዛፍ መውጣት ትወዳለች። ጎረቤቶቻችን «ይቺ ጦጣ!» እያሉ ይስቃሉ። እኔና አማቴ ግን አንስቅም፤ ይህን በሰማን ቁጥር ዓይን ለዓይን እንኳ አንተያይም።