ያቺ የቅቤ ቅጠል

ልጅ ሳለሁ እንደ ጋሼ ጥላዬ ተረት የሚያናድደኝ ነገር አልነበረም። ሌላው ልጅ ተረት ሰምቶ ይተኛል፤ እኔ ግን በንዴት እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ አመሻለሁ።

ጋሼ ጥላዬ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ከደብረ ሲና ቅቤ እየገዙ በአህያ ወደ ቆላ ያወርዱ ነበር፤ እኔ ሳውቃቸው ግን ንግዱን ትተው፣ ሸዋ ሮቢት ዳር ከእኛ ጋር አጥር በሚጋራው ግቢያቸው ሽንኩርትና ማሾ ያመርታሉ። ያኔ የቆላው ሙቀት ቤት ውስጥ ስለማያስቀምጥ፣ ሲመሽ አልጋው ወጥቶ ማንጎው ሥር ይዘረጋል፣ ለቢምቢ ተብሎ ኩበት ይጨሳል፣ ኩራዙ ግንዱ ላይ ይንጠለጠላል፤ እኛም ልጆች ዓይናችን በጭሱ እያለቀሰ ፍሙን ከበን እንቀመጣለን። ዛሬም የኩበት ጭስ ሲሸተኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የሳቸው ጎርናና ድምፅ ነው። ቀጥሎ ንዴቴ ይመጣል።

ሁሌ የሚያወሩት ተረት ይህ ነበር። ቅቤ ነጋዴዎች ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ሲወርዱ ወንዝ ሞልቶ ያግዳቸዋል። ሙቀቱ እየበረታ ቅቤያቸው ይቀልጣል፣ ይሸታል፣ ዝንብ እንኳ ይጸየፈዋል። የአንዲት አሮጊት ቅቤ ብቻ ምንም ሳይሆን ይከርማል። ወንዙ ሲጎድል ሌላው አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ እሷ ገበያ ትወጣለች። ምን አድርጋበት እንደሆነ ሲጠይቋት፣ ሳነጥረው አንዲት ቅጠል ጨምሬበት ነው ትላለች። እዚህ ላይ ጋሼ ጥላዬ ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አድርገው ዝም ይላሉ።

«የምን ቅጠል?» እላለሁ።

«ያቺ ቅጠል ናታ!»

«ያቺ ማን ናት?»

«አንቺ ልጅ አታድርቂኝ፤ ተረቱ አለቀ።»

ኧረ የት አለቀ! የባሰው ደግሞ ቅጠሏ የተረት ብቻ አለመሆኗ ነው። ጋሼ ጥላዬ ራሳቸው በየዓመቱ ከተራራው ቆርጠው፣ አድርቀው፣ አድቅቀው ለእናቴ ይሰጧታል፤ እናቴም ቅቤ ስታነጥር ትጨምራታለች፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት የኛ ቅቤ ሳይሸት ይከርማል። ኮሰረት እንዳልል ኮሰረትን አውቀዋለሁ። ጦስኝም አይደለችም። እናቴ የምታየው ዱቄቷን ብቻ ስለሆነ እሷም አታውቃትም።

ሥርዓቷም ለጉድ ነው። የምትቆረጠው ፀሐይ ሳይወጣ ሲሆን፣ ቆራጩ ከቤቱ ወጥቶ እስኪመለስ ቃል አይተነፍስም። አንዲት ቃል ካመለጠችው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የዚያ ዓመት ቅጠል ቀረ ማለት ነው።

አንድ ዓመት ልመናዬ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ «ነገ ትከተይኛለሽ፤ አፍሽን ግን ጠብቂ» አሉኝ። በማግስቱ በድንግዝግዙ ከንፈሬን በእጄ ጨብጬ ከኋላቸው ኩስ ኩስ አልኩ። ደረቁን ጅረት ተሻግረን ተራራው ሥር ስንደርስ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ጀሪካን ተሸክመው መጡ።

«እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ? እናትሽ ደህና አደረች?»

እንግዲህ ፍረዱኝ! ትልቅ ሰው ሰላም ብሎኝ በዝምታ ባልፍ እናቴ ቆዳዬን ነበር የምትገፈው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፤ በቃ፣ አመለጠኝ። ጋሼ ጥላዬ አንዴ አዩኝና ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት። እትዬ ዘሃራ ጀሪካናቸውን እንደያዙ «ምነው? ምን በደልኩ?» እያሉ ቀሩ። የዚያ ዓመት ቅቤያችን ገና ክረምቱ ሳይገባ ሸተተ፤ ቤተሰቡ ሁሉ አፈ ጮሌ እያለ በእኔ ፈረደ። ብመልስ ጥፋት፣ ባልመልስ ብልግና! ጋሼ ጥላዬም ዳግመኛ ይዘውኝ አልወጡም።

ቅቤ የሚሸተው በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቅባቱን እየነካካ ስለሚያበላሸው እንደሆነ፣ አንዳንድ ቅጠሎች ደግሞ ጉዳቱን ቀድመው በራሳቸው ላይ የሚቀበሉ ንጥረ ነገሮች እንዳሏቸው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተማርኩ። አንቲኦክሲዳንት ይባላሉ። ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የመድኃኒት ቅጠል ጭማቂ ሐምራዊ ፈሳሽ ላይ አንጠባጥባለሁ፣ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከዞረ ቅጠሉ ጉልበት አለው ማለት ነው። ኮሰረቱንም፣ ጦስኙንም፣ እርዱንም ሞክሬያለሁ። ያቺን ግን ከየት ላምጣት? በየበዓሉ ቆላ ወርጄ ስጠይቅ ጋሼ ጥላዬ «ያቺ ናታ» ብለው ይስቁብኛል። ጠርሙስ ላይ «ያቺ» ተብሎ አይጻፍ ነገር!

አምና ስሄድ በጣም ደክመው አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል፣ ቅጠል መቁረጡንም ትተዋል። ማንጎው ሥር ተቀምጠን እንደገና ብጠይቃቸው እንደገና ሳቁ። ያኔ ደሜ ፈላ።

«ምን ዓይነት ጭካኔ ነው ጋሼ? ስሟን ይዘውት ሊቀበሩ ነው?» አልኩ። እናቴ ደንግጣ አፏን ያዘች።

ጋሼ ጥላዬ አልተቆጡም። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አንከባለሉ።

«ስም የላትም እኮ ልጄ» አሉ። «እኔ አባቴን ተከትዬ አየኋት፤ እሱም አባቱን ተከትሎ። ዝም ብለን ሄደን ዝም ብለን ስንመለስ ኖርን። ማን ስም ያውጣላት?»

«ታዲያ ያኔ አላውቅም አይሉኝም ነበር?»

«ተረት አውሪ አላውቅም ይላል እንዴ?»

ሳቄም ለቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። ያን ሁሉ ዓመት የተንገበገብኩት ለሌለ ስም ኖሯል! ስሙ ይቅርና ቦታዋን ያሳዩኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ።

በማግስቱ ፀሐይ ሳይወጣ ወጣን፤ እሳቸው በአንድ እጃቸው ዱላቸውን፣ በሌላው ትከሻዬን ይዘው ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ዝም በይ ያለኝ የለም፤ እኔ ግን ከንፈሬን ነክሼያለሁ። የላቦራቶሪ ሰው ሆኜ! ጅረቱን እንደተሻገርን አንድ ገበሬ የውሃ ፓምፕ ተሸክሞ መጣና «እንዴት አደራችሁ?» አለ። አሁንስ አልሸነፍም ብዬ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁለት።

«እግዚአብሔር ይመስገን! አንተስ እንዴት አደርህ? ልጆቹ ደህና ናቸው?» አሉ ጋሼ ጥላዬ ጮክ ብለው።

እግሬ ቀጥ አለ። ዞሬ አየኋቸው።

«ተናገሪ ልጄ» አሉኝ፣ «ማታ ብነግርሽ መች ታምኚኝ ነበር?»

ቀና ስል ተራራው ሥር ያለው ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ሽንኩርት ተተክሎበታል፤ ያልታረሰውንም ቅንጬ አረም ውጦታል። ጋሼ ጥላዬ በዱላቸው የሽንኩርቱን መደብ ጫፍ ነካ አድርገው «እዚህ ነበረች» አሉ።

ስንመለስ የመንገዱን ሰው ሁሉ ሰላም ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ቤት እስክንደርስ ቃል አልወጣኝም። ይኸው ዝም ማለቱን አሁን ቻልኩበት፤ የምቆርጠው ግን የለም።