የላይል መንፊያ ጎማ

ላይል ብራምሆል ዕድሜውን ሙሉ መስታወት በእሳት ሲያጣምም ነው የኖረው። ወጣት ሳለ የመጠጥ ቤትና የሞቴል ስም በቀይና በሰማያዊ የሚያበሩትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይሠራ ነበር። ያን እንጀራ ፕላስቲክ ሲቀማው ወደ እኛ መጣ፤ ዩጂን ከተማ ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ወዳለችው ወርክሾፕ። የምንሠራው የካናቢስ ማጨሻ ፒፓ ነው። እዚህ ኦሪገን ግዛት ውስጥ ነገሩ ከተፈቀደ ስለቆየ ማንም ዞር ብሎ አያየንም።

ባለፈው ጸደይ ልጁ ቴሳ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃረበች። ለአባቷ የነገረችው ቁርጥ ያለ ነበር።

"አባዬ፣ ከንፈርህ ላይ ምች ካለ ልጄን አታቅፍም። ለአንተ ቁስል ነው፤ አራስ ሕፃን ግን ሊገድል ይችላል ብላኛለች አዋላጇ። እዚያ ሥራ ቦታችሁ ደግሞ አንድ ፒፓ በስንት አፍ እንደሚዞር አውቃለሁ።"

ላይል ምች ወጥቶበት አያውቅም። ከቴሳ እናት ጋር የተለያዩት ቴሳ ገና ሳትሄድ ስለነበር ልጅነቷን በፎቶ ነው ያየው። የልጅ ልጁን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ማቀፍ ፈለገ። ይህንን ለሁላችንም ነግሮናል፤ ፖስታ አዳዩ ሳይቀር ያውቃል።

ችግሩ ዓርብ ነው። ዓርብ ከሰዓት መስታወቱ ቀስ ብሎ የሚበርድበት ምድጃ ተከፍቶ የሳምንቱ ሥራ ሳይሰነጠቅ ከወጣ፣ የወርክሾፑ ፒፓ ተሞልቶ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። እምቢ ያለ ሰው የሌላውን ሥራ እንደናቀ ይቆጠራል። ከላይል አጠገብ የሚሠራው ቼት ደግሞ ጸደይ በመጣ ቁጥር ከንፈሩ ይፈነዳል። ስቦ ሲጨርስ ላይተር ለኩሶ የፒፓውን አፍ ገረፍ ያደርገውና ያቀብላል።

"ይኸው፣ ጀርሙን ገደልኩልህ።"

"አሞቅኸው እንጂ አልገደልከውም" አለው ላይል። "እንዲሞት መስታወቱ ከንፈር እስኪልጥ መጋል አለበት። ያን ጊዜ አንተ ራስህ አፍህን አታስጠጋውም።"

"ይሄ እኮ ፀሐይ ነው። ቅዳሜ ወንዝ ዳር ዓሣ ሳጠምድ ዋልኩ።"

"ፀሐይ ቀስቅሶት ይሆናል። የሚጋባው ግን በምራቅህ ነው፤ ቁስሉ ሳይታይ እንኳ ይጋባል።"

"ሽማግሌው ነርስ ሆነልን።"

ላይል አልተከራከረም። ሰኞ ፒፓው አፍ ላይ የሚሰካ አጭር የመስታወት ጫፍ ለእያንዳንዳችን ሠራ፤ የእኔ አረንጓዴ፣ የቼት ቢጫ። ተራህ ሲደርስ የራስህን ሰክተህ ትስባለህ፣ ነቅለህ ታቀብላለህ፣ ስትጨርስ በአልኮል ታጥበዋለህ። ቼት "የጡጦ ማኅበር" ብሎ ስም ቢያወጣልንም ቢጫውን ከኪሱ አይለይም ነበር። የወርክሾፑ ባለቤት ማቪስም "ይሄን ቀድመን ብናስበው ኖሮ የክረምቱን ሳል ለአምስት ባልተካፈልነው" አለች።

አንድ ረቡዕ ዕለት ግን ሁለት ሰው የሚጠይቅ ትልቅ ሥራ ነበረን። ላይል በሁለት እጁ ያዞራል፣ ቼት በሌላ ነበልባል ከጎን ያሞቃል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲነፋ አፍ ወደ እሳቱ አይጠጋም፤ ከመስታወቱ ጫፍ እስከ ነፊው ጥርስ የሚደርስ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለ። ላይልን መሃል ላይ አስነጠሰውና ጎማው ከአፉ ወደቀ። ትኩሱ መስታወት መጨማደድ ጀመረ።

"ንፋልኝ" አለ ላይል።

ቼት ጎማውን ከላይል ደረት ላይ አንስቶ ነፋ። መስታወቱ ተመልሶ ሞላ።

"በቃ፣ ስጠኝ።"

ቼት ጎማውን መልሶ ላይል ጥርስ መሃል ሰካለት። ሥራው ተቃንቶ ምድጃ ገባ። ያኔ ቼት መነጽሩን አወለቀና የላይኛውን ከንፈሩን ዳሰሰ።

"ይሄ ነገር ደግሞ መጣ መሰለኝ።"

ላይል መጀመሪያ ቼትን፣ ቀጥሎ የራሱ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ጎማ አየ።

"ጎማው" አለ።

"የምን ጎማ?"

"ተቀባበልነው እኮ።"

"እሱማ መሣሪያ ነው እንጂ…" አለ ቼት።

እኛ ዘንድ ጎማ ማለት እንደ ጉጠት ያለ የሥራ ዕቃ ነው። ለዓርቧ ፒፓ ያን ሁሉ ስንጠነቀቅ፣ ቀኑን ሙሉ አፋችን ውስጥ የሚውለውን ማንም አላሰበውም።

ላይል ክሊኒክ ደወለ። እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሊወጣ ይችላል፤ ላይወጣም ይችላል አሉት። ከዚያ ወዲያ መቀመጫ መቆሚያ አጣ። አንድ ቱቦ ያሞቅና ትቶት ይነሳል፣ የሽንት ቤቱ መስታወት ፊት ቆሞ ከንፈሩን ይገለብጣል፣ ተመልሶ ይመጣና ቱቦው ጎብጦ ቀዝቅዟል። ለየሰዉ አዲስ ጎማ ቆርጦ ስም ጻፈበት። የጻፈውን አጥፍቶ ደግሞ ጻፈ። እሑድ ሕፃኗ ተወለደች። ቴሳ ማክሰኞ ቤት እገባለሁ፣ ያን ቀን ና አለችው።

"ምንም አልወጣብህም" አለው ቼት ሰኞ ዕለት። "ማስክ አድርግና ግባ። የጎማውን ነገር ለቴሳ ምን ያስነሳሃል?"

"ሳይታይም ይጋባል ብዬ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።"

"እኔ መቼ ሰማሁህ?"

"እኔ ግን ሰምቻለሁ።"

ማክሰኞ ጠዋት ላይል ከመኪናው ሳይወርድ ጠራኝ። የታችኛው ከንፈሩ ግራ ጠርዝ ቀልቷል። ይቆጠቁጠዋል። ስልኩን መሪው ላይ አስደግፎ፣ ስፒከሩን ከፍቶ ለቴሳ ደወለ።

"አባዬ፣ የት ደረስክ?"

"ሥራ ቦታ ነኝ። ከንፈሬ ላይ ሊወጣ ነው።"

ከቴሳ በስተኋላ ሕፃኗ ትነጫነጫለች።

"የየራሳችንን ጫፍ ሠራሁ አላልከኝም?"

"ፒፓው አይደለም። መንፊያውን ጎማ ከቼት ጋር ተቀባበልን። ሥራ ላይ ነበርን፣ አላሰብኩትም።"

"በጎማ።"

"በጎማ።"

"አንተ ሰውዬ!" አለች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አቃተኝ። "ደርቆ እስኪለቅ፣ ሐኪሟም እሺ እስክትል ቤት አትገባም።"

"አልገባም።"

"ብትዋሸኝ ኖሮ በሕይወቴ አላናግርህም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"በል የዶሮ ሾርባ ገዝተህ በረንዳው ላይ አስቀምጥ። እዚህ ቤት ማብሰል የሚችል ሰው የለም።"

ላይል የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኝና እኔ ነዳሁ። ሾርባውን አስቀምጦ ወደ ሣሩ ወረደ። እያካፋ ነው። ቴሳ ሕፃኗን አቅፋ ሳሎኑ መስኮት ላይ ብቅ አለች፤ ቀጥሎ ወደ ማድ ቤት ስትሄድ እሱም ከውጭ ወደ ማድ ቤቱ መስኮት ተሻገረ፤ ወደ መኝታ ቤት ስትዞር እሱም አበባውን እየረገጠ ዞረ። ጎረቤቲቱ መጋረጃዋን ገልጣ አየችን።

"በስብሰሃል፣ እንሂድ" አልኩት።

"ቆይ" አለኝ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል፣ "ትንሿ ልታዛጋ ነው።"