በጥርስ የተበጠሰ ክር

ልብስ ሰፊዋ የፊት ጥርሷ መነቃነቁን ያወቀችው አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ነው። የአንድ ሸሚዝ የመጨረሻ ቁልፍ ተክላ ጨረሰችና እንደ ወትሮዋ ክሩን ወደ አፏ ወሰደች፤ እንደ ወትሮዋ በጥርሷ ይዛ ሳብ አደረገችው። ክሩ አልተበጠሰም። የተንቀሳቀሰው ጥርሷ ነው። ያልተዘጋ መስኮት ነፋስ ሲነካው እንደሚያደርገው፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ተመለሰ።

ክሩን ሳትለቅ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከመስታወቱ ባሻገር መንገደኛው፣ ጃንጥላው፣ መኪናው ሁሉ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ይመስላል። ምላሷን ቀስ አድርጋ ጥርሷ ላይ አሳረፈች። ጠርዙ ላይ ክር በብዙ ዓመት የቆፈራት ትንሽ ቦይ አለች፤ ምላሷ ቦይዋን አገኘቻት። ጥርሱ ግን የራሷ አልመስል አላት። ከርሞ ከርሞ ዕቃውን የሸከፈ፣ ለመሄድ ጨለም እስኪል ብቻ የሚጠብቅ ተከራይ ሆነባት።

ሱቋ ከመንገዱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪናዎች መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በአንዱ እሷ ትሠራለች። ሌላው ነጭ አንሶላ ለብሷል፤ የታላቅ እህቷ ነበር። ከእሱ በላይ ግድግዳው ላይ ምስማር ተመቷል፤ ምስማሩ ላይ ቀይ ሪባን ያላት ትንሽ የክር መቀስ ተንጠልጥላለች።

እህቷን "እታለም" ነበር የምትላት፤ ደንበኛውም ጎረቤቱም ከእሷ አፍ ወስዶ እታለም ይላት ነበር። እታለም ሱቅ ውስጥ ያቺን መቀስ ከአንገቷ አውልቃ አታውቅም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ትልቁ መቀስ ጨርቅ ለመቁረጥ እንጂ ለክር ጫፍ አይሆንም። ታናሽየዋ ታዲያ "አቀብይኝ፣ ቁረጪልኝ" ማለቱ ስለሚታክታት በጥርሷ ትገላገላለች። የስፒል ማስቀመጫዋም ከንፈሯ ነው፤ አፏን በስፒል ሞልታ "እጅዎን ያንሱ፣ ዞር ይበሉ" ስትል ደንበኛው ሁሉ ለምዶት ይገባዋል።

"አንቺ ልጅ፣ ተይ ብዬሻለሁ!" ትላት ነበር እታለም፣ የሁለቱም ጸጉር ከሸበተ በኋላ ሳይቀር። "ጥርስ የተሰጠሽ ልትበዪበት ነው!"

"አንቺ መቀሱን እንደ ሕፃን አቅፈሽ ይዘሽ እኔ በምን ልቁረጥ?"

"'እታለም፣ ቁረጪልኝ' ማለት ነዋ። አፍሽ ይጣመማል?"

"ግድ የለም፣ ስትሞቺ እወርሰዋለሁ!"

ይህን ስትል ሁለቱም ይስቁ ነበር። እታለም በተለይ መኪናዋን እስክታቆም ድረስ ነበር የምትስቀው።

ከዚያ አንድ ሰሞን እታለም ራሷን ያማት ጀመር። "ያልፋል" አለች። ማጅራቷን ያዛት፤ ያልፋል። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ሳትነሳ ቀረች። የደም ግፊት ነው ተባለ፤ አንድም ቀን ሳትለካው የኖረች። ታናሽየዋ ከኀዘን ቤት ወደ ሱቅ ስትመለስ ምስማር መታች፣ መቀሷን ሰቀለች፣ ከዚያ ወዲህ እጇን አላሳረፈችባትም። ያ ቀልድ ጉሮሮዋ ላይ እንደ አጥንት ተሰክቶ ቀርቷል። ወርሰሻልና ውሰጂው እንዳትባል ፈራች፤ ማን እንደሚላት ግን እሷም አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ለራሷ ምን ጊዜ ነበራት? ጥርሷን ጠዋት ጠዋት እሳት እንደሚያባርራት ሰው ትሞዥቀዋለች፤ ማታ እንደ ደከማት ትተኛለች። ከፊት ጥርሷ ጀምሮ በስተቀኝ ድዷ መድማት ሲጀምር ብሩሹ ነው የጎዳኝ ብላ ያንን ጎን ተወችው። በእታለም ወንበር ላይ የከረሜላ ማሰሮ አስቀመጠች፤ ጸጥታው ሲከብዳት አንድ ትጎርሳለች። ጸጥታው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይከብድ ነበር።

ግድግዳ የሚጋራት ሰዓት ሠሪ፣ በዕድሜም በወሬም የሚበልጣት ሰው፣ ነገሩን ከማንም ቀድሞ አየ።

"ዛሬ ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ ሸፈንሽ፤ አዲስ ሙሽራ ሆንሽ እንዴ?" አላት፣ በሯ ላይ ቆሞ።

"ሂድ ወደ ሥራህ።"

"ነይ እዚህ ብርሃኑ ጋ። ይነቃነቃል አይደል? አውቀዋለሁ፤ የእኔም እንደዚህ ነበር የጀመረው። አሁን ይኸው፣" ብሎ ሰው ሠራሽ ጥርሶቹን በምላሱ ከፍ ዝቅ አደረጋቸው። "እነዚህ እኔ ሳስነጥስ ቀድመውኝ መንገድ ይሻገራሉ። ትፈልጊያለሽ?"

ሳቀች፤ እጇም ወደ አፏ ሄደ። እሱ ግን አልሳቀም። ያን ዕለት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ የሆነችው ልጇ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ጠብቆ ነገራት።

ልጅቱ እናቷ ፊት ቆመች። ሰማያዊ የደንብ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

"መቼ ልትነግሪኝ ነበር?"

"ምኑን? ትንሽ ነገር ነው፣ ያልፋል።"

"እታለምም ያልፋል ብላ ነበር፣ እማ።"

እናትየው የተሰፋውን ሸሚዝ አጣጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጣጠፈች። በማግስቱ የጥርስ ሐኪም ቤት ሄዱ።

ሐኪሟ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ወንበሩ ሲዘረጋ መብራቱ ከላይ እንደ ሙሉ ጨረቃ ወረደ።

"ይህቺን ቦይ ያየሁት ልብስ ሰፊዎች ጥርስ ላይ ነው፣" አለች ሐኪሟ። "ክር ይበጥሱበታል?"

"እ… አንዳንዴ።"

ልጇ ከጥግ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ሁልጊዜ፣" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ሲቦርሹ ይደማል?"

"በዚህ በኩል ይደማል። ስለሚደማ ተውኩት።"

"ከረሜላም አትለይም፤ ስፒልም በአፏ ነው የምትይዘው፣" አለች ልጇ።

"እናቴ፣ የሚደማው ስለቦረሹት አይደለም፤ ስላልቦረሹት ነው። ከድድዎ ሥር ቆሻሻ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ድዱ ሸሽቶ ጥርሱን ያለ አቃፊ ትቶታል። እኔ ድንጋዩን አጸዳለሁ፤ የቀረው በእርስዎ እጅ ነው። ጠዋትና ማታ ቀስ አድርገው ይቦርሻሉ፤ ከረሜላውን ይተዋሉ። ድዱ መልሶ ካቀፈው ጥርስዎ ይተርፋል። ካላቀፈው፣ ክረምቱ ሲወጣ ሲመለሱ እነቅለዋለሁ። ክርና ስፒል ደግሞ ጨርሶ ወደ አፍ አይገባም። መቀስ የለዎትም?"

"አለኝ፤ የሰው ነው እንጂ።"

"ባለቤቱ ካልፈለገው ይጠቀሙበታ።"

"ባለቤቷ… አትፈልገውም።"

ልጅቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሐኪሟ ድዷን አደነዘዘችና ማጽዳት ጀመረች። መሣሪያው ያጉረመርማል፤ ድምፁ ከሩቅ እንደሚሰማ የስፌት መኪና ነው። ልብስ ሰፊዋ ዐይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ከፊቷ የተለየ መሰላት፤ ቀጥሎ ፊቷ ከወንበሩ። በሰመመኗ ውስጥ እታለም ነበረች። ጫፉ የማይታይ፣ ከጉልበቷ ወርዶ ወለሉን የሸፈነ ነጭ ጨርቅ ትሰፋለች፤ የምትተክላቸው ቁልፎች ትንንሽ ጥርሶች ናቸው። አንዱን ተክላ ጨረሰችና እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። መቀሷን አጣቻት። ደረቷን ዳበሰች፣ ጨርቁን አነሳች፣ ወንበሯ ሥር አየች። ሳትቆጣ፣ ሳትናገር፣ ጨርቁን እየገለጠች ትፈልግ ነበር።

"ይጉመጥመጡ፣" አለች ሐኪሟ።

ሲወጡ ሐኪሟ በጥርስ መሐል የሚሳብ የማጽጃ ክር ሰጠቻት። ልብስ ሰፊዋ በልማዷ በሁለት ጣቷ ፈተገችው።

"ሰም ነክቶታል። ጠንካራ ነው፤ ቁልፍ ቢተከልበት አይለቅም።"

"እንግዲህ ወደ አፍዎ የሚገባው ክር ይህ ብቻ ነው።"

ማታ ማታ መስታወቱ ፊት መቆም ጀመረች። መጀመሪያ ላይ የምትተፋው ሁሉ ሮዝ ነበር፤ ቶሎ ውሃ ትለቅበታለች። ብሩሹን ሐር እንደምትተኩስ ሰው በቀስታ ማንቀሳቀስ ተማረች። ልጇ ከኋላዋ እየቆመች "ጓዳውንም፣ ጓዳውንም" ትላታለች፤ የኋላ ጥርሶቹን ማለቷ ነው። ከረሜላው ከነማሰሮው ወደ ሰዓት ሠሪው ተዛወረ፤ "የእኔ ጥርሶች አይበሰብሱም" ብሎ በደስታ ተቀበለ። የደም ግፊቷንም ለካች፤ ደህና ነበር፤ ከሱቅ ወደ ቤት ግን በእግሯ መሄድ ወደደች። ቀኗ በአረፋና በውሃ ድምፅ ይቋጭ ጀመር፤ ከኀዘኑ ወዲህ የሚቋጭ ቀን አልነበራትም። አንድ ቀን የተፋችው አረፋ ነጭ ሆኖ አየችው። ልጇን ጠርታ ልታሳያት ፈለገችና የሚያሳፍር ነገር ሆኖባት ተወችው።

ሱቅ ውስጥ ግን ነገሩ አልቀናም። በትልቁ መቀስ ክር ስትቆርጥ እጅጌ ቀደደች። ቀና ብላ ምስማሩን አየች፤ ቀይ ሪባኑን አየች፤ ነጩ ጨርቅና የሚፈልጉት እጆች መጡባት። ብወስድባትማ እታለም ለዘላለም ስትፈልግ ትኖራለች፣ አለች በሆዷ። እጇ ዝቅ አለ፤ ክሩም ሳታስበው ወደ አፏ ሄደ። ሳብ። ጥርሱ ተነቃነቀ። ምላሷ ላይ ደም ጣማት።

ያን ሁሉ ማታ የለፋችበትን በአንድ ክር ልታጠፋው ነው።

ተነሥታ ወንበር ላይ ወጣችና መቀሷን ከነሪባኗ አወረደቻት። ቀላል ነበረች፤ እንዲህ ቀላል መሆኗን ረስታዋለች። ልትከፍታት ሞከረች፤ አልተከፈተችም። የክረምቱ እርጥበት ገብቶባት ሁለቱ ስለቶች ተያይዘዋል። እንባዋን ሳትጠርግ ወደ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ገባች።

"ገደልኳት፣" አለችው።

"ማንን?" ብድግ አለ። መቀሷን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ። "ወይ አንቺ ሴትዮ! ልቤን እኮ አቆምሽው። አምጫት።"

አጉሊ መነጽሩን ዐይኑ ላይ ሰካ። የሰዓት ዘይት በመርፌ ጫፍ ጠብ አደረገ፤ ጠበቀ፤ እንደገና ጠብ አደረገ። ከግድግዳው የሰዓቶቹ ድምፅ አንዱ ካንዱ ሳይስማማ ይንጠባጠባል።

"ዝገቱ ብቻ አይደለም። እዚህ መገጣጠሚያው ላይ አንድ ነገር ተነክሷል፣" አለና በመቆንጠጫ ቀስ አድርጎ ሳበው። የጥፍር ቁራጭ የምታህል ሰማያዊ ክር ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ በመዳፏ ተቀበለቻት። ክሯን አወቀቻት። የልጇ የደንብ ልብስ ክር ናት፤ እታለም በመጨረሻ የቀመቀመችው የዚያን ቀሚስ ጠርዝ ነው። ልጅቱ ዛሬም ለብሳው ወጥታለች፤ አንድ ስፌት አልላላም።

ሰዓት ሠሪው መቀሷን ከፍቶ ዘጋት። ቅጭ። ከፍቶ ዘጋት። ቅጭ።

"ይኸው። ስለሰቀልሻት ነው የተያያዘችው። እታለም ብታይሽ ምን ትልሽ ነበር?"

"ትጮኽብኝ ነበር።"

"እኔ ልጩኽልሽ?"

"አንተ ጥርስህ ይወድቃል፣" አለችው፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። አፏን አልሸፈነችም።

ሪባኑን አንገቷ ላይ አጠለቀች። መጀመሪያ መቀሷ ደረቷን ስትነካት ትደነግጥ ነበር፤ ወዲያው እጇ መንገዱን ለመደ። ስፒሎቹንም እታለም ሰፍታላት፣ እሷ ግን ተጠቅማበት በማታውቀው ትንሽ ትራስ ላይ ሰካች። ደንበኞች ንግግሯ ጥርት ብሎ ሲሰማቸው ግራ ገባቸው።

ክረምቱ ወጣ። ወደ ሐኪም ቤት ብቻዋን ሄደች። ጥርሱ ይነቀል ይሆን የሚለው ሐሳብ ከቤቷ እስከ ወንበሩ አብሯት ተጓዘ። ወንበሩ ተዘረጋ፤ የመብራቱ ጨረቃ ወረደ። ሐኪሟ መሣሪያዎቿን ስታሰናዳ የውሃው ድምፅ ያንሾካሽክ ነበርና ዐይኗ ከበደ።

እታለም ነጩን ጨርቅ ይዛ ተቀምጣለች። እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፤ አጣቻት። ልብስ ሰፊዋ የራሷን አንገት ዳሰሰች፤ መቀሷ እዚያ ናት። አውልቃ "እንኪ" ልትላት ጎንበስ አለች። እታለም ግን አልተቀበለቻትም። ክሩን ከጨርቁ ላይ ወጠረችና ወደ እሷ ዘረጋችው፤ በዚያ ሱቅ ውስጥ ለራሷ ጠይቃው የማታውቀውን ቃልም ተናገረች።

"ቁረጪልኝ።"

ቆረጠችላት።

"እናቴ፣ ተኙ እንዴ?" ሐኪሟ በጣቷ ጥርሷን ወደ ኋላ ገፋችው፣ ወደ ፊት ሳበችው። እንደገና ገፋችው። "ቆሟል። ድድዎ መልሶ አቅፎታል። ይህን ጥርስ ማንም አይነቅለውም።"

ልብስ ሰፊዋ ጣሪያውን እያየች ተነፈሰች።

"ቦይዋን ልሙላልዎት? አትታይም።"

ምላሷ ሄዳ ቦይዋን ዳበሰቻት፤ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ የዕድሜዋን ግማሽ የያዘች።

"ትቆይልኝ። ጉዳት አላት?"

"ክር ካላሳለፉባት የላትም።"

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ከአንገቷ ሥር ቀዩን ሪባን አስተካከለች።

"ለክሩማ መቀስ አለኝ፣" አለች።