ዘይቱኑን በስሱ መቁረጥ

ሰሞኑን አዲስ ያገባች ጎረቤቴ ካርቶን ታቅፋ መጣችና፣ «እትዬ፣ እርስዎ ድሮ ይህችን ዓይነት እንስሳ አሳድገዋል ሲሉ ሰምቼ ነው፤ ከትናንት ጀምራ ምግብ እምቢ አለችኝ» አለችኝ። ካርቶኑ ውስጥ ጊኒ ፒግ ተቀምጣለች። ለማያውቃት፣ ከአይጥ የምትበልጥ፣ ከጥንቸል የምታንስ፣ ጭራ የሌላት ሣር በል እንስሳ ናት፤ ጥንቸል ለመሆን ጀምራ መንገድ ላይ ሐሳቧን የለወጠች ትመስላለች። እንዲህ ያለች ፍጥረት በእጄ ከያዝኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። እጄ ግን አልረሳም። ኩሷን አየሁ፣ የኋላ እግሯን መገጣጠሚያ ዳሰስኩ፣ ከንፈሯን በአውራ ጣቴ ገለጥ አደረግኩ።

«ምን እየሰጠሻት ነው?»

«ስንዴና ድርቆሽ።»

«ለምለም ነገርስ? ፀሐይስ ታያለች?» ብዬ ጮህኩባት። ምስኪን፣ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ደነገጠች። እኔም ወዲያው አፈርኩና ዘይቱን አስመጥቼ በስሱ እየቆረጥኩ አፏ ሥር አስቀመጥኩላት። ቆይታ ቆይታ አንዱን ሳበች። ለጎረቤቴም የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት፤ በየቀኑ አረንጓዴ ነገር እንድትሰጣት፣ አንድ ቀን ሙሉ ሳትበላ ከዋለች ነገ አያታለሁ ብላ እንዳታሳድር፣ ገላዋን እንዳታጥባት፣ የራሷን ኩስ ስትበላ ብታያት እንዳትደነግጥ።

«ይህን ሁሉ ከየት ተማሩት?»

«ከወንድሜ ደብዳቤ» አልኳት። የቀረውን አልነገርኳትም።

ወንድሜ ከእኔ በአምስት ዓመት ያንሳል። በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ እሱ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ እንስሳት ይንከባከባል። ወላጆቻችን ሞተውብን ሹም አቦ ሰፈር፣ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት አብረን እንኖር ነበር። አንድ የውጭ አገር መምህር ውሉን ጨርሶ ሲሄድ ሁለት ሴት ጊኒ ፒጎች ለወንድሜ ተወለት። እሱም በሳሙና ካርቶን አድርጎ አመጣቸው። አንዷ ቡላ ናት፣ አንዷ ጥቁር። የግቢው ሰው «ጭራ የለሽ አይጦች» አላቸው። የስማቸው ግማሽ በፈረንጅ አፍ አሳማ ማለት መሆኑን ወንድሜ ለእኔ ብቻ ነግሮኝ ለየኔታ ሚስት እንዳልተነፍስ አስማለኝ። የኔታ ሐይቁ ላይ ባለ አንድ ደሴት ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ የዜማ መምህር ናቸው፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነበርን።

እንስሶቹ ከመጡ ወር ሳይሞላ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተያዘ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከገበያ ሲመለስ። ወሬውን ሰምቼ ከመሥሪያ ቤት እየሮጥኩ ቀበሌው በር ስደርስ መኪናው ተነሥቷል። ከሰው ትከሻ መሀል ብቅ ብሎ አየኝ። «እኒያን አደራ!» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። አይዞሽ የለ፣ ደኅና ሁኝ የለ። ሰው እኅቱን እንዲህ ይሰናበታል? እያለቀስኩ ተናደድኩበት። ቤት ገብቼ ካርቶኑን ስከፍት ሁለቱ ቀና ብለው አዩኝ። ምን እንደሚበሉ እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት የሚባል ነገር አጣሁ። ወንድሜ ያለበትን አላውቅም፤ ማወቅ የምችለው የእነሱን ትንፋሽ ብቻ ነው። ቢያስነጥሱ ሳንባ ነው እላለሁ፣ ዝም ቢሉ ሞቱ እላለሁ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ባልደረቦቼ ሐይቁ ዳር ወዳለው ጥላ ሲሄዱ እኔ ወደ ቤት እሮጣለሁ። የግቢው በር ሲንኳኳ ሁለቱም ያፏጫሉ፤ ፉጨቱን ከሰማሁ አሉ ማለት ነው። ተመልሼ የጽሕፈት መኪናዬ ፊት ስቀመጥ ጣቴ አልታዘዝ ይላል። በየደብዳቤው ግርጌ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» ብዬ መጨረስ አለብኝ፤ የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስደርስ ጣቴ ይስታል፣ አለቃዬ ይቆጣል፣ ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና እጀምራለሁ።

አንድ ቀን ቡላዋ አንገቷን አዙራ የራሷን ኩስ ስትበላ አየኋት። ተርባብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። እህል ጨመርኩ፣ ደገመችው። ለወንድሜ ይህን ጻፍኩለት፤ በዚያው ሰሞን የወታደር ፖስታ ቁጥሩ ደርሶኝ ነበር። መልሱ በሁለተኛው ወር መጣ። «ለውድ እኅቴ፣ እኔ በጣም ደኅና ነኝ። እሱ በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሯቸው ነው፤ አትከልክያት» ይላል። ከዚያ ስለ ጥፍራቸው፣ ስለ ጥርሳቸው፣ ገላቸውን ስላለማጠብ ሁለት ገጽ። ስለ ራሱ ከዚያች ከአንዷ «በጣም ደኅና ነኝ» ሌላ ምንም የለም። ወረቀቱን አገላብጬ ብርሃን ላይ ሳይቀር ዘርግቼ አየሁት።

መስከረም ሲጠባ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ልትጠይቀኝ መጣች። እንስሶቹን ግቢው ሣር ላይ ለቅቄያቸው ነበር። «ውይ ሲያምሩ! እንዴት ወፍረዋል!» አለች። ማርያምን አላለች፣ እንትፍ አላለች። በማግስቱ ቡላዋ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች።

እኔ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ተቀምጬ ስለ ኋላ ቀር እምነት ጎጂነት ስሰማ የኖርኩ፣ ሌላው ቡዳ ሲፈራ የምስቅ ሰው ነኝ። በዚያን ቀን ግን ሳቄ ጠፋ። ሁለቱንም ሰብስቤ የሣንቃ ሣጥን ውስጥ ከተትኳቸው፣ ሣጥኑን አልጋ ሥር ገፋሁት፣ አሮጌ ጋቢ አለበስኩት። ለጎረቤት ሁሉ፣ ለየኔታና ለሚስታቸውም፣ «ለሰው ሰጠኋቸው» አልኩ። ሲያፏጩ ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ።

ዛሬ ሞኝነት ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን የሚወዱትን መሸሸግ የተለመደ ነበር። አንዱ ልጁን ቆጥ ላይ ያወጣል፣ ሌላው ገጠር፣ ዘንዘልማ፣ ዘመድ ዘንድ ወስዶ ጎተራ ውስጥ ያስቀምጣል። እኔ ወንድሜን መሸሸግ አልሆነልኝም። እነዚህን ግን ማንም አያይብኝም አልኩ።

ግቢው ሣር ላይ ማውጣት ቀረ። ከውጭ ሣር አጭዶ ማስገባትም ያስጠረጥራል፤ ደግሞ እርጥብ ሣር በግ ይነፋል ሲባል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ገብስና ድርቆሽ ከገበያ እየገዛሁ በዘንቢል ሥር ደብቄ አስገባለሁ። ድርቆሹ ንጹሕ ነው፣ ገብሱ የተለቀመ ነው፣ ውኃው በየቀኑ ይለወጣል። ከዚህ በላይ ማን ይንከባከባል? ብዬ ለራሴ ምስክር እሆናለሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ቡላዋ መሄድ ተወች። የኋላ እግሯን ትጎትታለች፣ ሳነሣት ትጮኻለች፣ ፀጉሯ ቆመ፣ ገብሱን አፏ ውስጥ ታስገባና መልሳ ትተፋዋለች። ጤና አዳም ቀጥቅጬ ሰጠኋት። ነጭ ሽንኩርት አሸተትኳት። በዘንቢል ይዣት ወደ ከብት ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ከላምና ከበሬ ባለቤቶች ጋር ግማሽ ቀን ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ሰውዬው ዘንቢሉን ገልጦ አየና፣ «እመቤቴ፣ እኛ ዘንድ ለአይጥ ያለው መርዝ ብቻ ነው» አለኝ። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ዘንቢሉን ከድኜ ወጣሁ።

የኔታን ማማከር ነበረብኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደሴት ላይ ከዕፅዋት ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። ግን ለሰው ሰጠኋቸው ብያለሁ፤ ውሸቴን በምን አፌ ልመልሰው? ለወንድሜ ብቻ ምልክቱን ዘርዝሬ ጻፍኩለት፣ ደብዳቤው የሚወስደውን ጊዜ እያወቅኩ። በየጠዋቱ ሣጥኑን ስስብ መጀመሪያ የማየው ትንፋሿን ነው። አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ፤ እነሱ ሁለት ናቸው፣ እኛም ሁለት ነን። አንዷ ከሞተች ከእኛስ? ለማንም ያልተናገርኩት ይህን ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሣጥኑን ስስብ ቡላዋ ሞታ አገኘኋት።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ዘይቱን ዛፍ አለ፤ ከቤቴ በር አራት እርምጃ ቢሆን ነው። ከሥሩ ስቆፍር የኔታ ከቅዳሴ ተመልሰው አጠገቤ ቆሙ። ጨርቁን አዩ።

«አንች፣ ሰጠኋቸው ብለሽን አልነበር?»

«ዋሸሁዎት፣ የኔታ። ዓይን ፈርቼ አልጋ ሥር ሸሽጌያቸው ነበር።»

«ከመቼ ዠምረሽ?»

«ከመስከረም።»

«ከሰው ዓይንስ ሸሸግሻት፣ እሽ። ከፀሐይ ምን አጣላሽ?» አሉኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው መቆፈሪያውን ከእጄ ወሰዱና ጉድጓዱን እሳቸው ጨረሱት። እላያችን ላይ ዘይቱኑ በስሎ ተንጠልጥሏል፣ የወደቀውንም የግቢው ልጆች ረግጠውታል።

የወንድሜ መልስ ከፋሲካ በኋላ ደረሰ። «እኔ በጣም ደኅና ነኝ። የነገርሽኝ ምልክት የለምለም ነገር እጦት ነው። መጀመሪያ እግር ይከዳል፣ ጉልበት ያብጣል፣ የዳነ ቁስል እንደገና ያመረቅዛል። ድድ ይደማል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፤ ስለዚህ ቢርባትም መንከስ አትችልም። ዘይቱኑን ልጠሽ፣ በስሱ ቆርጠሽ፣ አንድ አንድ እያልሽ ስጫት። ውጭ አውጫት። ቶሎ ትድናለች፣ አትፍሪ።» ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት። ከዚያ ጥቁሯን ይዤ ወጣሁ። የእሷም እግር መጎተት ጀምሮ ነበር። ዘይቱን ላጥኩ፣ በስሱ ቆረጥኩ፣ ምላሷ ላይ አስቀመጥኩ። በሁለተኛው ሳምንት በር ሲንኳኳ አፏጨች።

ለወንድሜ የጻፍኩት ግን «ሁለቱም ደኅና ናቸው» ብዬ ነው። እዚያ ባለበት ቦታ የሞት ወሬ ከእኔ እንዲደርሰው አልፈለግኩም። ደግሞም ፈራሁ፤ አደራውን በልቻለሁ። ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ያህል «በጣም ደኅና ነኝ» ይለኛል፣ «ሁለቱም ደኅና ናቸው» እለዋለሁ። ፖስታ በመጣ ቁጥር እየፈራሁ እከፍታለሁ፣ እየፈራሁ እዋሻለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቁሯን ሣር ላይ አውጥቼ አጠገቧ ልብስ ሳሰጣ፣ የግቢው በር ተንኳኳና አፏጨች። ከፈትኩ። ወንድሜ ነው፤ በሕመም ከውትድርና ተሰናብቶ መምጣቱ ነው። ምርኩዝ ይዟል፤ ፊቱ ላይ የማውቀው ዓይኑን ብቻ ነበር። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ስጮህ የየኔታ ሚስት እልል እያሉ ወጡ። እሱም ሳቀ፣ ግን አፉን በእጁ ከልሎ።

ግቢው ጋብ ሲል ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ዘይቱን ቀጥፌ ሰጠሁት። አልነከሰውም፤ በእጁ እያገላበጠ ሣሩ ላይ ያለችውን ጥቁሯን ያያል።

«ቡላዋስ?» አለኝ።

«ሞታለች። ያኔውኑ ነው የሞተች። ዋሸሁህ።»

«አውቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ አንዷ ብቻ ነበር የምትጠይቂኝ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። ምንም አልተቆጣም። እንዲያውም ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ያ ፈረንጅ መምህር ያን ሁሉ ባያስተምርህ ይችም አትተርፍም ነበር» አልኩት።

«መምህሩ ለምለም ነገር ይፈልጋሉ አለኝ እንጂ ሌላ አልነገረኝም።»

«እንግዲያ የድዱን? የቁስሉን? ጉልበት ያብጣል ያልኸኝንስ?»

እጁን ከአፉ ላይ አነሣና ከንፈሩን ገለጠልኝ። ከፊት ካሉት ጥርሶቹ የቀሩት ሦስት ነበሩ።

ያን ደብዳቤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! አንድም ቀን ይህን ሁሉ ከየት አወቀው ብዬ አልጠየቅኩም። እሱ እዚያ ግንባር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደም እየተፋ ዘይቱን በስሱ ቁረጪላት ሲለኝ፣ እኔ ለእሷ ብቻ ስቆርጥ ነበርኩ።

ተነሥቼ ቢላዋ አመጣሁ። ዘይቱኑን ከእጁ ወሰድኩ፣ ላጥኩት፣ ፍሬውን አወጣሁ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ መቁረጥ ጀመርኩ።

«መጀመሪያ ለእሷ» አለ።

«እሷ ጧት በልታለች። ይኸ ያንተ ነው።»

አፉን ከፈተልኝ። የመጀመሪያዋን ቁራጭ ምላሱ ላይ አስቀመጥኩለት፣ እስኪውጣት ጠበቅኩና ሁለተኛዋን ቆረጥኩ።