አምበሉ የተሸኘበት ነሐሴ

በስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ሆኜ የተቀጠርኩት ዞናችን ለብቻው ከተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ ነው። ስለ ኳስ የማውቀው ነገር አልነበረም። የማውቀው ፊደሉን ሳላይ በዐሥር ጣት መምታት ነበር፤ የቀጠሩኝም ለዚያ ነው። የተሰጠኝ ክፍል ከሜዳው አጥር ጋር የተያያዘች፣ አንዲት መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ነበረች። ልምምድ ሲኖር ኳሷ አንዳንዴ መጥታ ግድግዳዬን ትመታዋለች። እኔም ደንግጬ የሳትኩትን ፊደል በነጭ ቀለም አጠፋለሁ።

በዚያን ጊዜ የሶዶ ሰው ስለ ቡድኑ ወሬ የሚያነብበት ጋዜጣ አልነበረውም። ቡድናችን ከዋናው ሊግ በታች ስለነበረ ሬዲዮውም ውጤቱን የሚናገረው በመጨረሻ፣ በጥድፊያ ነው። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲሳሳ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደመጣና ማን እንደተሸኘ የሚታወቀው እኔ ጽፌ በሩ አጠገብ ካለው ሰሌዳ ላይ ከምንለጥፈው አንድ ገጽ ነበር። ከመለጠፉ በፊት ባሉት ቀናት ታዲያ ወዳጅ ይበዛልኛል። ባለ ሥጋ ቤቱ ያስቆመኛል፣ ልብስ ሰፊው ያስቆመኛል። ቸርች ውስጥ አጠገቤ የምትቆመው ዘማሪ እንኳን በጸሎትና በመዝሙር መካከል ጠጋ ብላ "ያ ረጅሙ አጥቂ ይቀራል እንዴ?" ትለኛለች። "አላየሁም" እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እውነቴን ነበር።

በሦስተኛው ዓመቴ አዲስ አሠልጣኝ መጣ። ከሌላ ከተማ ነው የመጣው፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ደብተር ከብብቱ የማይለይ ሰው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ከጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጋር ወደ ክፍሌ ገብተው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ኃላፊው "ሰኞ ጠዋት ነው የሚለጠፈው። እስከዚያ ከዚህ ክፍል ቃል እንዳይወጣ" አለኝ። "እሺ፣ ጋሼ" አልኩ።

እነሱ ከወጡ በኋላ አነበብኩት። የሚቀጥሉ፣ አዲስ የመጡ፣ የተሸኙ ተብሎ በሦስት ተከፍሏል። ከተሸኙት ውስጥ ሦስተኛው ስም የአምበላችን ነበር።

አምበላችን የግራ መስመር ተከላካይ ነበር። ተበላ በምትባለው ከተማ ተወልዶ ሶዶ ሁለተኛ ደረጃ ሊማር መጣና በዚያው ቀረ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ በዚያች መስመር ላይ ሲወጣና ሲወርድ ነው የማውቀው። ብዙ አይናገርም። ሌሎቹ ዳኛው ላይ ሲጮኹ እሱ ማሊያውን ወደ ቁምጣው እያስገባ ወደ ቦታው ይመለሳል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግራ ጉልበቱን በተቆረጠ ካልሲ ያስር ጀምሮ ነበር። አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች ወልዷል። ገና ሲመለመል ያዩት አሮጊቶች ዛሬም በአጥሩ በኩል "ልጃችን" ነው የሚሉት።

ዝርዝሩን ጽፌ ጨረስኩና ከመሳቢያው ውስጥ ቆለፍኩት። ወደ ቤቴ ስሄድ በሥጋ ቤቱ በኩል ላለማለፍ በሌላ መንገድ ዞርኩ።

አርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። አምበሉ ነበር። በእጁ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዟል። በየዓመቱ የዝግጅት ጊዜው ሊጀመር ሲል ለተጫዋቾቹ ማሳሰቢያ ያጽፈኛል፤ ልምምድ ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀመራል፣ ከቢጠናና ከሌላም ከሩቅ የሚመጣ እሑድ ይግባ፣ ያላደገ ሣር ላይ በታኬታ አይገባም፣ የመሳሰለው። ከሥሩ "የቡድኑ አምበል" ይባልና ፊርማው ይቀመጥበታል። ማንም እንዲያደርገው አላዘዘውም። ከእሱ በፊት የነበረው አምበል ያደርገው ስለነበር ነው።

"ሳሮ፣ ሚቼ" አለና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሰላም፣ እህቴ ማለቱ ነው፤ እኛ ሁለታችን የምንነጋገረው በወላይትኛ ነበር፣ አማርኛው ለወረቀቱ ነው።

ወረቀቱን ታይፑ ላይ አስገብቼ መምታት ጀመርኩ። እሱ በመስኮቱ ሜዳውን እያየ ያወራኛል። ያን ቀን እንደወትሮው ዝምተኛ አልነበረም።

"ተበላ ያለው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር አጥቶ ነው የከረመው" አለኝ። "ዳይሬክተሩ የአባቴ ጎረቤት ነው። ና፣ ግባ አለኝ። እስከ ነገ ቀትር ድረስ ብቻ ነው የምጠብቅህ፣ ሌላ ሰው ይፈልገዋል አለኝ።"

"ታዲያ ምን አሰብክ?"

"ሚስቴ እንሂድ ትላለች። እኔ ግን አንድ ዓመት ይቀረኛል። ይታወቀኛል፣ እግሬ ውስጥ አለ። ዛሬ ወደዚያ በሚሄድ ሚኒባስ ሹፌር 'አልመጣም' ብዬ እልክበታለሁ።"

ጣቶቼ ቆሙ። መሳቢያው ጉልበቴን ይነካኛል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ባለው ክር ላይ ነው። ኃላፊው ያለኝ ትዝ ይለኛል፤ ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ቤተሰቤም በእሱ ነው የሚኖረው። በሌላ በኩል ይኼ ሰው ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆሞ ስሙን ሲፈልግ፣ ተበላ ያለው ቦታም በሌላ ሰው ተይዞ ይታየኛል። ብናገር ቃሌን አጠፋሁ። ዝም ብል ደግሞ ዐውቄ ገደል ከተትኩት።

መምታቴን ቀጠልኩ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ነጥቧን አድርጌ ወረቀቱን አወጣሁና ሰጠሁት።

ቀስ ብሎ አነበበው። ከዚያ ጣቱን ባዶው ቦታ ላይ አደረገ።

"አንድ መስመር ረስተሻል፣ ሚቼ። ከታች 'የቡድኑ አምበል' የሚለውን።"

"አልረሳሁም" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ማየት አልቻልኩም፤ የታይፑን ሪባን የማስተካክል መሰልኩ። ውጭ ሣር የሚያጭዱ ሰዎች ይነጋገራሉ። በመጨረሻ ወረቀቱን ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት አጠፈውና ከሸሚዙ ኪስ ከተተው።

"ሎኦ" አለ። ጥሩ፣ ማለት ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ "አንቺ ምንም አላልሽም" አለኝ። ወጣ። በመስኮቱ ስከተለው ወደ ሚኒባሶቹ አልሄደም። በሜዳው ዳር፣ በግራ መስመሯ፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ተራመደና በወዲያኛው በር ወጣ።

ቅዳሜ ተበላ ወርዶ ዳይሬክተሩን እንዳነጋገረ የሰማሁት በኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩን ለጠፍኩ። አምበሉ ከሁሉም በፊት መጥቶ ነበር፤ በልምምድ ልብስ ሳይሆን በቆዳ ጫማና በኮት። የኳሶቹን ከረጢት፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍና የአምበልነቱን የክንድ ባንድ ይዟል። ተጫዋቾቹ ሰሌዳውን አንብበው ወደ እሱ ዞሩ። እሱ አንድ በአንድ እየጨበጠ ባንዱን ከአማካዮቹ ለአንዱ ሰጠው። አንዱ ተጫዋች ፊቱን በማሊያው ሸፈነ።

ኃላፊው ወጣ ብሎ ይኼን ሲያይ ግራ ገባው። "ዛሬ ነው የተለጠፈው፤ አንተ ዕቃውን ሰብስበህ መጣህ። ማን ነገረህ?" አለው።

"ጉልበቴ ነገረኝ፣ ጋሼ" አለ አምበሉ።

አንዳንዶቹ ሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም። ከሰዓት ወደ ክፍሌ መጥቶ የቅጂዎቹን ፋይል ጠየቀኝ። የምጽፈው ሁሉ በካርቦን ቅጂ ይቀራልና የአርቡ ማሳሰቢያም እዚያው ነበር። ገለጥ ገለጥ አድርጎ እሱ ጋ ሲደርስ ቆመ። የዐምናውንም አወጣና ጎን ለጎን አስተያያቸው። "በቃ፣ ሥራዬ ዛሬ አለቀ" ብዬ ተቀመጥኩ።

ፋይሉን ዘጋው። "ሁለት ሴት ልጆች ነው ያሉት አይደል?" አለኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እንግዲህ ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለውን ወረቀት የምሰጥሽ ሰኞ ጠዋት ነው" አለና ወጣ። እስከ ጡረታው ድረስ እንዳለው አደረገ። ስለዚያ ነገር ሌላ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ አልፎ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የወዳጅነት ጨዋታ ተዘጋጀ። ቅዳሜ ነው፤ ሰዉ ከምሳ ጀምሮ ሜዳውን ሞልቶታል። እንግዳው ቡድን ግን መንገድ ላይ ጎርፍ ድልድይ ወስዶበት መድረስ እንደማይችል ተደወለ። ሕዝቡን መበተን ኃላፊውን ጨነቀው። አጥሩን ሲያይ የቀድሞ ተጫዋቾች ተደርድረው ቆመዋል። የባንክ ዘበኛ የሆነው፣ ሚኒባስ የሚነዳው፣ ሒሳብ የሚያስተምረው፣ ወንጌላዊ የሆነው በረኛ ሁሉም አሉ። አምበሉም ለበዓሉ ከተበላ መጥቶ የሚስቱ ቤተሰቦች ዘንድ ሰንብቶ ነበርና ከእነሱ መሐል ቆሟል።

"እነዚህ አይበቁም?" አለ ኃላፊው።

ከእኔ ቁም ሣጥን የድሮ ማሊያዎች ወጡ። ወንጌላዊው ሆዱ ላይ አልገባ አለውና ከነሸሚዙ በረኛ ሆነ። ታኬታ ያለው ሦስት ሰው ብቻ ስለነበር የቀሩት ከአዲሶቹ ተበደሩ። ከነሱ ውስጥ እንደልቡ መሮጥ የሚችለው አምበሉ ብቻ ስለሆነ፣ ተጫውቶበት በማያውቅ ቦታ፣ በቀኝ መስመር አጥቂ አደረጉት። በዚህ ምክንያት በትክክል የሚገጥመው እሱን የተካውን ልጅ ሆነ። ከቢጠና የመጣ ነው፤ ፈጣን፣ ግን ሰው ሁሉ ከአሮጌው ጋር እንደሚያስተያየው የገባው፣ በፍርሃት የደረቀ።

በመስኮቴ በኩል ነበር የሚጫወቱት፤ ሁሉን አያለሁ፣ እሰማለሁ። መጀመሪያ አምበሉ በወገቡ አታለለውና አለፈው። ሕዝቡ ጮኸ። ሁለተኛም አለፈው። ከዳር አንድ ሰው "መልሱልን የኛን" አለ።

ኳሷ ወጥታ እስክትወረወር አምበሉ ወደ ልጁ ጠጋ አለ።

"ኳሷን አትይ" አለው በወላይትኛ። "ኳሷ ናት የምታታልልህ። ወገቤን እይ።"

ሦስተኛው ላይ ልጁ ቆሞ ጠበቀ፤ ኳሷን ነጠቀና ሄደ። ራሱም ማመን አቅቶት ከመሐል ሜዳ በኋላ ለማን እንደሚሰጣት ጠፋው። አምበሉ ጉልበቱን ይዞ ቆሞ ከኋላው ያየዋል። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታም ሐዘንም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ መናገር አልችልም። ጨዋታው ሦስት ለአንድ አለቀ፣ አሮጌዎቹ ተሸነፉ።

ሲያልቅ ሁላችንም ሥጋ ቤት ገባን። ጥሬ ሥጋው ዳጣ ከሚሉት የሚያቃጥል ማባያ ጋር ቀርቦ፣ ዳጣው የአሠልጣኙን ዓይን አስለቅሶት፣ ሁሉም ሲስቁበት በእሱና በአምበሉ መካከል የነበረው ውጥረት ረገበ። ያኔ አሠልጣኙ አምበሉን አለው፦

"እኔ አንተን ስትጫወት አይቼህ አላውቅም ነበር። ዕድሜ አይቼ ነው ያወጣሁህ። ዛሬ ሳይህ ቆጨኝ።"

አምበሉ ጉርሻውን እስኪውጥ ቆየ። "አትቆጭ" አለው። "ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አየር አጥቼ ነበር። ሰው እንዳያይብኝ ነው ጫማዬን ሁለት ጊዜ ያሰርኩት። ግን ስማኝ፤ ሌላ ጊዜ ሰውየውን ጠርተህ ንገረው። ሰሌዳ አይንገረው።"

አሠልጣኙ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠ። "ልክ ነህ" አለ። እኔ ሥጋዬን አላነሳሁም፣ አንገቴን አቀርቅሬ ቆየሁ።

ከዓመታት በኋላ ተበላ የዘመድ ሠርግ ነበረኝና እግረ መንገዴን ቤታቸው ገባሁ። አምበሉ ወፍሯል፤ ከጸጉሩ ጥቂት ነው የቀረው። ትልቋ ልጁ ከእኔ ትረዝማለች። ቦዬ የሚሉት ሥራ ሥር ተቀቅሎ ቀረበልን። ከብዙ ጨዋታ በኋላ፣ ያን ጊዜ በጣም ተናድደህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

"በሰሌዳው አልተናደድኩም" አለ። "የከበደኝ እዚህ የመጣሁ የመጀመሪያው ሰኞ ነው። በለመድኩት ሰዓት ነቃሁ። የት ልሂድ? ተነስቼ መንገዱን ይዤ ወደ ሁምቦ ተራሮች ሮጥኩ።"

ሚስቱ ከዚያ በኋላ ያለውን እሱ እንዲናገር አልፈቀደችለትም። ራሷ ቀጠለች። በዚያን ጊዜ ተበላ ውስጥ ትልቅ ሰው ጎህ ሲቀድ ከሮጠ መርዶ ነው። የተነሳ ሁሉ፣ ወደ ማሳ የሚሄደው፣ ጋሪ የሚጠምደው፣ "ማን ሞተ? የማን ቤት ነው?" እያለ ተከተለው። እሱ "ማንም አልሞተም" ይላል፣ ግን እያለከለከ ስለሆነ አይሰማም። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ኮረብታው ሥር ሲቆም ከኋላው ሃያ ሰው ቆሟል።

"ከዚያ ምን አልካቸው?" አልኩት።

"ምን እላለሁ? ተቀምጬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ከዝርዝሩ ጀምሮ" አለ። "እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከነሱ አንድ ሽማግሌ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝና፣ ላብህ ሳይበርድብህ ና፣ ቤቴ እዚህ አጠገብ ነው፣ ቁርስ ብላ አለኝ። ሄድኩ።"

ሚስቱ ሳህኔ ላይ ቦዬ ጨመረችልኝ።