መልአኩ ሚዛን፣ እመቤታችን ቴፒ

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተነሳሁት ገና ሳይነጋ ነው። ሚዛን ተፈሪ ሱቅ ያለው ወዳጄ ሸምሱ «አንዲት እናት ቤት ያንተ ዓይነት አሮጌ ብራና አለ፤ ክንፍ ያለው ሰው ተስሎበታል» ብሎ ከደወለልኝ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። የሥዕል አስተማሪ ነኝ። ትርፍ ጊዜዬ የሚያልቀው ከጥንት መጻሕፍት ተገንጥለው የቀሩ ባለሥዕል የብራና ቅጠሎችን በማጥናት ነው። ቅጠሎቹን አልገዛም፤ የምሰበስበው ፎቷቸውንና በእጄ የገለበጥኩትን ሥዕል ነው። ሚስቴ ይህን «የሰው አልበም መልቀም» ትለዋለች።

ጅማ አደርን። በማግስቱ ቦንጋን ስናልፍ ጫካው ከግራም ከቀኝም መንገዱ ላይ ተደፋ። ከዚያ በኋላ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ደግሞ ዝናብ። ሸዋ ቤንች ላይ ጎማ እስኪቀየር ሙዝ ገዝቼ ምሳዬን በዚያው ዘጋሁ። ሾፌሩን በልቤ የረገምኩት ሙዙን እስክቀምስ ድረስ ብቻ ነው።

ሚዛን

ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ እትዬ ደብሪቱ ቤት ወሰደኝ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። እጃቸውን ታጥበው ከሣጥን አንድ የብራና ቅጠል አወጡ። ሥዕሉ ላይ አበባ ያለበት ቀይ ጨርቅ እንደ መጋረጃ ተሰፍቶበታል፤ ይህ የቆየ ልማድ ነው። ጨርቁ ግን የትናንት ስለሆነ ገለል አድርጌ ወደ ሥዕሉ ቸኮልኩ።

ቅዱስ ገብርኤል ነው። ዓይኖቹ ትልልቅ፣ ክንፉ ቀይና ሰማያዊ። በእኔ ግምት የአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። ጣቱ የሚጠቁመው ግን ከገጹ ውጭ ነው።

«እትዬ፣ ከዚህ ፊት ለፊት እመቤታችን ያለችበት ቅጠል አልነበረም?»

«ነበር እንጂ። አያታችን ማጂ ቄስ ነበሩ። መጽሐፉን ምስጥ ሲበላው እነዚህ ሁለቱ ተረፉ። እናታችን አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለታናሽ እህቴ ለአልማዝ ሰጠችን። አልማዝ ጴንጤ አግብታ ቴፒ ገባች። ጥላዋለች በለው።»

«ሄደው አይተዋል?»

«ምን ልሠራ?» አሉና ቅጠሉን ወደ ሣጥኑ መለሱ።

ቴፒ

በማግስቱ ሸኮን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ሹራቤን ያወለቅሁት መኪናው ውስጥ ነው። የወይዘሮ አልማዝና የባለቤታቸው የአቶ ታደሰ ቤት ቡናቸው መሀል ነው። የመጣሁበትን ስነግራቸው አቶ ታደሰ ተነስተው ከቆጥ ላይ አንድ ቆርቆሮ ሣጥን አወረዱ።

«መምህር፣ እኔ አልሳለመውም» አሉኝ። «ግን የእናቷ ነው። የዚህ አገር እርጥበት ደግሞ ጉድ ነው። እየከፈትኩ አየር ባላስመታው እስካሁን ሻግቶ ነበር።»

የዚህኛውንም ጨርቅ ገለል አደረግሁ። እመቤታችን ፈትል ይዛ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ወደ መልአኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ካላየሁ እንደማይሆንልኝ ገባኝ። እትዬ ደብሪቱ ደግሞ ቅጠላቸውን ከቤት አያስወጡም። ቅጠሉን እንዲያውሱኝ ለመንኩ።

ወይዘሮ አልማዝ «ውሰድላት፤ ትየውና መልሰህ አምጣልኝ» አሉ። «ደህና ናት? ጉልበቷስ?»

እመልሳለሁ ብዬ ማልኩ።

እንደገና ሚዛን

ሁለቱን ቅጠሎች ጠረጴዛ ላይ አገጣጠምኩ። በጠርዛቸው ያሉት የድሮ የስፌት ቀዳዳዎች ትክክል ገጠሙ፤ መልአኩም የሚጠቁማትን አገኘ። በደስታ ልጮህ ስል እትዬ ደብሪቱን አየሁ። ሥዕሉን አላዩም። ከቴፒ የመጣውን ጨርቅ በሁለት ጣታቸው ይዘዋል። ያው ቀይ፣ ያው አበባ።

«የእናቴ ቀሚስ ነው» አሉ። «ለሁለታችንም ቆርጣ የሰፋችልን። የእኔ እድፍ በልቶታል። የሷ ታጥቦ ተመልሶ ተሰፍቷል።» እንባቸው ወረደ። «ጣለችው እያልኩ ለስንቱ ሰው አማኋት!»

እኔም አለቀስኩ፤ ሸምሱ ወደ ደጅ ዞረ።

እትዬ ደብሪቱ ሁለቱን ቅጠሎች ነጠላቸው ውስጥ መጠቅለል ሲጀምሩ ግን ደነገጥኩ። «እትዬ፣ እመልሳለሁ ብዬ ምያለሁ!»

«አንተ አትመልሰውም።»

እጄን ወደ ነጠላው ዘረጋሁ።

«እኔ ነኝ የምመልሰው። ሸምሱ፣ የቴፒ መኪና አሁን ይገኛል?»

መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። ጥቅሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመስኮት በኩል ተቀመጡ።

ቤቴ

አዲስ አበባ ገብቼ ሁለቱን ሥዕሎች ካነሳኋቸው ፎቶዎች በአንድ ወረቀት ላይ እየገለበጥኩ ሳለ ወይዘሮ አልማዝ ደወሉ። እህታቸው እስካሁን ወደ ሚዛን አልተመለሱም።

«ሁለቱን ቅጠል አንድ ላይ ሰፋናቸው» አሉኝ።

«በመርፌ?!» ብዬ ጮህኩ። ያን ያህል ዘመን የኖረ ብራና!

ስልኩን እትዬ ደብሪቱ ተቀበሉ። «አትጩህ ልጄ። አዲስ ቀዳዳ አልበሳንም፤ በድሮው ነው የሰፋነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የጀመርኩትን ሥራ አየሁት። ክንፉም ፈትሉም በቦታቸው አሉ፤ መጋረጃዎቹን ግን እንደ ልማዴ ትቻቸዋለሁ። ይህን ያህል ዓመት ሥዕል ለማየት ገለል ሳደርግ የኖርኩት የሰው ናፍቆት ነበር። ቀይ ቀለም በጥብጬ የእናትየውን ቀሚስ አበባ መሳል ጀመርኩ።