ለእንግዳ የሚሰጥ ተኩስ

ልጅ ሳለሁ መቱ ላይ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ማባራቱን የሚረሳ ይመስል ነበርና፣ ከከተማው ሁሉ ሞቅ ያለው ቤት የአያቴ ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እናቴ የአያቴ ትልቋ ልጅ ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለች ትንሽ ቤት እንኖር ስለነበር፣ ሲመሻሽ እኔና የጎረቤት ልጆች ወደ አያቴ ምድጃ እንሮጣለን። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ የፋኖሱ መስተዋት ግማሹ በጥላሸት ጠቁሯል፤ ሆኖም ማንም ቀድሞ አይነሳም። አያቴ ባላምባራስ ሽብሩ ተረት የሚጀምሩት ፍሙ በደንብ ከቀላ በኋላ ነበር።

ያኔ ተረት ሁሉ እንደ እርሳቸው ተረት ይመስለኝ ነበር። በአያቴ ተረት ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሞኝ አለ፤ ሞኙም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቆረጥበታል፤ ጅራቱን፣ ጆሮውን ወይም ምላሱን። የሚያዝንለት የለም። ተረቱ ሲያልቅ አያቴ ከመካከላችን አንዱን ለይተው አትኩረው ያዩታል፤ ያን ጊዜ የዚያ ምሽት ሞኝ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ቤቱም በሳቅ ይሞላል። ይህ ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አንድ የሚንተባተብ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ በኋላ መምጣቱን ተወ። የቀረነው ዓይናቸው እንዳያርፍብን ቀድመን መሳቅ ለመድን። ደግ ሰው አልነበሩም፤ ዛሬ ይህን ለማለት አልፈራም። ሲያወሩ ግን አፍ ያስከፍቱ ነበር።

ከራሳቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ባለሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ ተሰቅሎ ይኖራል። በጣሊያን ጊዜ እንዳይወሰድባቸው በጨርቅ ጠቅልለው ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ በተሰቀለ ባዶ ቀፎ ውስጥ ከትተውት ነበር። ጠላት ወጥቶ ሲያወርዱት የሁለቱም አፈሙዝ ጫፍ በዝገት ተበልቶ ተሰነጣጥቆ አገኙት። የተበላሸውን ከስንዝር በላይ በቀጥቃጭ አስቆረጡ፤ የቀረውንም ዝገት የቦረቦረው እስኪጠፋ ድረስ በሞረድ አስፋቁት። በዚህም አላበቃም። ዝገት የነካው መሣሪያ የሰነፍ ቤት ምልክት ነው ይሉ ስለነበር፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ ጠመንጃው ከግድግዳው ይወርድና ከሶር ወንዝ በመጣ አሸዋና በአመድ ይታሻል። የሌላው ሰው ጠመንጃ ጥቁር ነው፤ የእርሳቸው ግን ከመታሸቱ ብዛት ነጥቶ ያብለጨልጭ ስለነበር አገር ሁሉ «የባላምባራስ ነጩ» ይለዋል። በዚህ ስም የሚሰማቸውን ኩራት አይደብቁም።

የምታሸው የእናቴ ታናሽ እትዬ አስካለ ነበረች። ደጅ ላይ ሰሌን አንጥፋ፣ ጠመንጃውን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ እጇ እስኪላጥ ትፈትገዋለች። አንድ የመስቀል ዋዜማ ጣቴን ይዛ አፈሙዙ ጠርዝ ላይ አሳረፈችውና «ምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

«የጣሳ አፍ» አልኳት።

«አሽቼ ጨረስኩት፤ አባባ ግን ገና አልነጣም ይሉኛል» አለችና መፈተጓን ቀጠለች።

በቤታችን ሠርግ ወይም ክርስትና ሲኖር አንድ ጊዜ መተኮስ ደንብ ነው። የሚተኩሱት ግን አያቴ አይደሉም። የዚህ ቤት ተኩስ የእንግዳ ነው ይሉ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱን በስም ይጠሩታል፤ እርሱም ክብር ተሰጠኝ ብሎ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይቀበላል። ጥይቱን ራሳቸው ናቸው የሚያሰናዱት፤ ባሩዱን በትንሽ የቀንድ ማንኪያ እየቆጠቡ ባገለገለ ቀለህ ውስጥ ይሞሉታል። አጉርሰውለት ሲያበቁ ወደ ማድቤቱ ጀርባ ዞር ይላሉ። ድምፁ ዶሮ እንኳ በቅጡ አያስደነግጥም፤ እኛ ግን እልል እንላለን። ያኔ ይህ ሁሉ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

እትዬ አስካለን የጠየቃት የኖፓው ፈይሳ ነው። ቡና መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ረዘም ያለ፣ ሳቂታ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ሲሻገር መሻገሩ የማይታወቅበት ሰው ነበር። ትወደው ነበር፤ ስሙ ሲነሳ ሥራ ያላት መስላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ቃል የሚታሰርበት ቀን ከአጎቱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ባለበት ሰዓት መጡ። ፈይሳ አማቱ የሚሆኑት ሰው ጠመንጃ ወዳድ መሆናቸውን ሰምቶ ኖሮ፣ ከጎሬ ያስመጣውን አንድ ፓኮ አዲስ ጥይት በነጠላ ጠቅልሎ ይዞላቸው ነበር። ቀለሁ ቀይ፣ መቀመጫው የሚያበራ ነሐስ፣ ማንም ያልነካው። ሽማግሌዎቹ እያገላበጡ አደነቁት። አያቴም አንዱን አንስተው በመዳፋቸው መዘኑትና ወደ ፓኮው መለሱት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እንግዲህ ባላምባራስ፣ ዛሬ ነጩ በአዲስ ጥይት ይሰማልን» አሉ። ሁሉም «ይሰማልን!» አለ። ያኔ አያቴ አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር፤ ጠመንጃዬ አርጅቷል፣ ይህን አይችልም ቢሉ ማንም አይንቃቸውም። እርሳቸው ግን ተነስተው ጠመንጃውን አወረዱና ለፈይሳ ዘረጉለት።

ቃሏ የሚታሰርላት ልጅ ያን ቀን ሽማግሌ ፊት አትወጣም። እትዬ አስካለ የጓዳውን መጋረጃ ገልጣ ወጣች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ ፊቷ በላብ ረጥቧል።

«አባባ፣ በእግዚአብሔር፣ በዚህ ጥይት አያስተኩሱት። ብረቱ አልቋል። የማሸው እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። የእርስዎን ባሩድ እንጂ ይህን አይችልም።» ከዚያ ወደ ፈይሳ ዞረች። «አትንካው። ና፣ እጅህን እዚህ አድርግና እየው።»

ፈይሳ ጣቱን አፈሙዙ ጠርዝ ላይ አሳረፈ፤ ቀና ብሎም አያት። እናቴ እህቷን ለመመለስ ከመቀመጫዋ ብትነሳም መሃል ላይ ቆመች። በዚያ ቤት ውስጥ አባቷን ሰው ፊት የተናገረች ልጅ ታይታ አታውቅም፣ ሁላችንም ጩኸት ጠበቅን። አያቴ አልጮሁም። ቢጮሁ በተሻለ ነበር። ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ጠመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና፣ በቀን ብርሃን፣ በሽማግሌ ፊት፣ ተረት ጀመሩ።

ጦጣ የነብርን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ላከ አሉ። ነብርም ከዘመዶቹ ጋር ተቀምጦ ጠበቀውና፣ «ልጄን እሰጥሃለሁ፤ የኛ ሰው መሆንህን እንዳውቅ ግን እጅህን አፌ ውስጥ ክተት» አለው። ጦጣው የነብሩን ጥርስ አየ። እጁን አየ። «ትንሽ ልምከርበት» ብሎ ዛፍ ላይ ወጣ፣ እስከ ዛሬም አልወረደ። አያቴ እዚህ ላይ ዝም አሉ፤ መቼ ዝም እንደሚባል ያውቁበታል። ከዚያ ፈይሳን አትኩረው እያዩ ጨረሱት፤ «እጁ እስካሁን ደህና ነው ይባላል፤ ሚስት ግን የለውም።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ጎረቤቶቻችን ሳቁ፣ እኛ ልጆቹም እንደለመድነው ሳቅን። ፈይሳም አብሮን ሳቀ፣ ሳቁ ግን ከከንፈሩ አላለፈም። አጎቱ እጅጌውን ይዘው «ዺሲ፣ ኢልመ ኮ» አሉት፤ ተወው ልጄ ማለታቸው ነው። እርሱ ግን ተነስቶ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ደንቡ ጠመንጃውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ነበር።

ግቢ ወጣን። አያቴ ቀዩን ጥይት አጎረሱለት፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና ወደ ማድቤቱ ጀርባ ዞር አሉ። እትዬ አስካለ ደጁ ላይ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ድምፁ ከለመድነው ድምፅ ጋር ምንም አይገናኝም፤ ጆሮዬ ደንቁሮ የሰው አፍ ሲከፈት አያለሁ እንጂ ጩኸቱ አይሰማኝም። ጭሱ ሲገፈፍ ፈይሳ እንደቆመ ነው። ነጩ ብረት በግራ እጁ የደገፈበት ቦታ ላይ ተቀዶ ወደ ውጭ ተገልብጧል፤ ከግራ እጁም አውራ ጣቱ ብቻ ቀርታለች። አልጮኸም። የጨዋ ልጅ ነበርና በትሕትና «ጣቶቼን ፈልጉልኝ» አለን። ሣሩ ውስጥ መፈለግ ጀመርን፤ እናቴ እያለቀሰች ዶሮዎቹን በአርጩሜ ታባርር ነበር።

በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። እዚያም የቀረው እጅ አይድንም ተብሎ ከአንጓው ተቆረጠ።

ሽማግሌዎቹ ከርመው ተመልሰው መጡ። የሆነው ሆኗል፣ ልጆቹ ይዋደዳሉ፣ ቃሉ ይጽና አሉ። አያቴ አቀማመጣቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ «እናንተ ያመጣችሁልኝ ሁለት እጅ ያለው ሰው ነበር፤ ልጄን ለቆራጣ አልሰጥም» አሏቸው። የፈይሳ አጎት ቆመው ብዙ አዩዋቸው፤ ከዚያ ያለ ስንብት ወጡ። ጓዳ ውስጥ እትዬ አስካለ እህል ትለቅም ነበር። ሰፌዱ ሲወድቅ ሰማሁት።

ክረምቱን ሙሉ አዲስ ተረት ነበረን። ጠመንጃ ይዞ የማያውቅ አንድ ሙሽራ ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፈሙዙን በመዳፉ ደፍኖ ምላጩን ሳበ። አያቴ አጨፋፈኑን ሲያሳዩ፣ የተቆረጠ እጁን ለሰላምታ ሲዘረጋ አስመስለው እጃቸውን እጅጌአቸው ውስጥ ሲሸሽጉ፣ ሰው ከወንበር ይወድቃል። እትዬ አስካለ ምድጃው ዳር ተንበርክካ እንጨት ትቆሰቁሳለች። ይህን ተረት ስታዳምጥ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየችም፣ ተነስታም አልሄደችም፤ ከአያቴ ፊት ሳይፈቀድ አይነሳም።

አንድ ምሽት ከኡካ የመጣ እንግዳ ነበረ። በተረቱ እየሳቀ የተቀደደውን ጠመንጃ ካላየሁ አለና፣ አውርደው ሲያሳዩት ብረቱን በጥፍሩ እየነካካ አደነቀ። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ከእሳቱ ቀና አለች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ይህ ጠመንጃ ካጠረ ወዲህ እርስዎ ራስዎ አንድ ቀን ተኩሰውበት ያውቃሉ?»

እኔ በልቤ ያየሁትን ሠርግና ክርስትና ሁሉ ፈለግሁ፤ የተኮሰው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። የቀንድ ማንኪያዋ ለምን ትንሽ እንደሆነች፣ ማድቤቱ ጀርባ ለምን ዞር ይባል እንደነበር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። አሁን ያፍራሉ ብዬ አየኋቸው። አያቴ ፊታቸውን ወደ እንግዳው መለሱ፣ ዓይናቸውን ከፈት አደረጉና፣

«እኔ ሞኝ ነኝ እንዴ?» አሉ።

ከሰማኋቸው ሳቆች ሁሉ ያን ያህል የረዘመ አላስታውስም። የኡካው እንግዳ ጎኑን ይዞ «ወይ ባላምባራስ! ወይ ባላምባራስ!» እያለ እንባውን ጠረገ። እትዬ አስካለ መቆስቆሻውን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ አበሰች፣ ሳይፈቀድላትም ተነሳች። በማግሥቱ ከገበያ ከሚመለሱ ሴቶች ጋር በእግሯ ኖፓ ገባች። ሠርግ አልነበረም፣ ምርቃትም አልነበረም። አያቴ በቤታቸው ስሟ እንዳይጠራ ከለከሉ፤ እስኪሞቱም ድረስ አልተጠራም።

እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ኖፓ ሄጄ አየኋቸው። ፈይሳ የቡና ጆንያ አፍ በአንድ እጁና በጥርሱ ያስር ነበር። ጠጉሩ ሸብቷል፣ ከልጆቹ ጋር ይቀልዳል። እትዬ አስካለ እራት ልታቀርብ ስትወጣ ለብዙ ዓመት የያዝኩትን ጠየቅሁት።

«ጋሼ ፈይሳ፣ ነግራዎት ነበር። እርስዎም ነክተውት ነበር። ለምን ተኮሱ?»

ብዙ አላሰበም። ይህን ጥያቄ ራሱን ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ አልቀረም።

«ስስ መሆኑንማ አውቄው ነበር። አልተኩስም ልላቸው ነበር፣ ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ሳቃችሁ» አለኝ። ክፉ ልብ ኖሮት አልነበረም፤ ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው ነበር የተናገረው።

የአያቴን ተረቶች አንዱንም አልረሳሁም። ዝም የሚሉባቸውን ቦታዎች ሳይቀር አውቃቸዋለሁ፤ ብሞክራቸው ሰው እንደማስቅ አልጠራጠርም። የልጅ ልጆቼ ሲለምኑኝ አላወራላቸውም። ከእነዚያ ምሽቶች የቀረኝ አንድ ልማድ ብቻ ነው። ለቅሶ ቤት ይሁን ሠርግ ቤት፣ ሰው ተሰብስቦ በአንድ ሰው ላይ ሲስቅ በሰማሁ ቁጥር፣ ከፊቱ በፊት የዚያን ሰው እጆች አያለሁ።